የአባታችን ቮልስዋገን

ማረሻችሁን ከተሰቀለበት አውርዱና እዩት። በእርሻ ወቅት አፈሩ እየፈተገው እንደ መስታወት ያበራል። ሥራ ፈትቶ አንድ ክረምት ጣሪያው በሚያፈስ ቤት ሲቀመጥ ግን መልኩ ይለወጣል። በጣት ሲነኩት ቀይ ዱቄት ይወጣዋል። ጨከን ብለው ሲፍቁት ይቀረፋል። ይህ ዝገት ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ መኪና ነው። ታዲያ ማረሻን ምን አመጣው? መኪናም ብረት ናት። ማረሻን የሚበላው ነገር መኪናንም ይበላል። ማረሻ ወፍራም ስለሆነ ቶሎ አያልቅም። የመኪና ገላ ግን ስስ ነው። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። በጋራዥ ይህን ስስ ብረት ላሜራ ይሉታል።

የምነግራችሁ መኪና የአባቴ ናት። አባቴ የራቤል ተወላጅ ናቸው። በልጅነታቸው በግ ጠብቀዋል። ጎረምሳ ሳሉ ወደ አዲስ አበባ ሄዱና በሐኪም ቤት ድሬሰር ሆነው ሠሩ። ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ ፋሻ የሚያስር፣ መርፌ የሚወጋ ሠራተኛ ነው። በ1965 ዓ.ም. ከአንድ አስተማሪ ላይ ያገለገለች ቮልስዋገን ገዙ። በ1956 ዓ.ም. የተሠራች ናት። እኛ ስድስት ልጆች በዚያች መኪና አድገናል። ስድስታችን ከነእናታችን እንዴት እንደምንገባ አትጠይቁኝ። እንገባ ነበር።

ቮልስዋገን ምን ዓይነት መኪና ናት?

ቮልስዋገን የጀርመን ቃል ነው። የሕዝብ መኪና ማለት ነው። ንድፏን ያወጣው ፈርዲናንድ ፖርሽ የሚባል መሐንዲስ ነው። ፋብሪካው በጀርመን አገር በ1930 ዓ.ም. ተመሠረተ። መኪናዋ በብዛት የተሠራችው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል።

ጀርባዋ ጎበጥ ያለ ስለሆነ በብዙ አገር ጢንዚዛ ይሏታል። በእኛ አገር ቮልስ ናት። ሞተሯ ከኋላ ነው። ከፊት ያለው የቤንዚን መያዣና የዕቃ ቦታ ነው። የማያውቅ ሰው የፊቱን ክዳን ከፍቶ «ሞተሩን ሰርቀውታል!» ብሎ ይደነግጣል።

ሌላም ጠባይ አላት። ብዙ መኪና ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በውሃ ነው። ቮልስ ግን በነፋስ ነው የምትቀዘቅዘው። ውሃ የላትምና ውሃ አያልቅባትም። ሌሊት በብርድ ወደ በረዶ የሚለወጥ ውሃም የላትም። እንደ እናንተ አገር ውርጭ በሚወርድበት ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ አገራችን የመጀመሪያዋ መኪና የገባችው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቮልስ የመጣችው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የአስተማሪና የመንግሥት ሠራተኛ መኪና ሆነች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። አባቴ ይህን ታሪክ ሲያወሩ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «የኔዋ ግን አይደለችም» ይላሉ።

ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ታያላችሁ። አንዳንዷ እንደ ሙሽራ ተቀብታለች። አንዳንዷ በየአጥሩ ሥር ቆማ ትዝጋለች። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ያለውን አጥብቆ ይይዛል።

አሥራ ሦስት ክረምት

በ1996 ዓ.ም. አንድ ቀን የአባቴ ቮልስ ዳገት ላይ እንዳለች ከኋላዋ እንደ መዶሻ የሚመታ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ጠፋች። ገፍተን ግቢ አስገባናት። አባቴ «በሚቀጥለው ወር አሠራታለሁ» አሉ።

የሚቀጥለው ወር 13 ዓመት ፈጀ። አባቴ ጡረታ ወጥተዋል። የጡረታ ገንዘብ ለአስቤዛ እንጂ ለሞተር አይተርፍም። በዚያ ላይ ግላኮማ የሚባል የዓይን በሽታ ያዛቸው። ግላኮማ ሕመም ሳያሰማ ቀስ እያለ ዓይን ያጠፋል። የጠፋውን መመለስ አይቻልም። አባቴ መጀመሪያ የጎኑን፣ ኋላም የፊቱን ማየት ተሳናቸው። መኪናዋም ዓይነ ስውር ሆነች። የፊት መብራቶቿ ተሰባበሩ። ዶሮዎች የኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል ይጥሉ ጀመር።

ቆራሌው በየሳምንቱ በደጃችን ያልፋል። ቆራሌው አሮጌ ብረትና ጠርሙስ የሚገዛ ሰው ነው። «ቆርቆሮ ያለው!» እያለ ሲጣራ ቃሉ አጥሮ «ቆራሌው» ሆኖ ቀረ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት መኪናዋን አየና «ቆራርጬ በኪሎ ልውሰድላችሁ» አለ። እውነቱን ልናገር። ይሸጥ ያልኩት እኔ ነኝ። እናታችንም ግቢዋ እንዲለቀቅላት ፈለገች። ጎመን ትተክልበታለች።

ማታ ተሰብስበን ተማከርን። አባቴ ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡና የመኪናዋን በር ከፈቱ። የበሩ የታችኛው ጠርዝ ተቆርሶ መሬት ላይ ወደቀ። ገቡና መሪውን ይዘው ተቀመጡ። ታላቅ እህቴ ጋቢ ይዛላቸው ሄደች።

«አባባ፣ ብርድ ነው፤ ይግቡ እንጂ» አለቻቸው።

«ራቤል ሳልወስዳት ቀረሁ» አሉ።

ሌላ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ማታ በኋላ ስለ ቆራሌው ያነሣ የለም።

ሥራው ተጀመረ

መስከረም 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጀመርን። የምንሠራው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሜ የብረት በርና መስኮት ስለሚሠራ ብየዳ ያውቃል። ታላቅ እህቴ ገንዘብ ያዥ ሆነች። የእህቴ ልጅ ያን ጊዜ 10 ዓመቷ ነበር። እሷ ጸሐፊ ሆነች። እኔ ጉልበት ነኝ። አባቴ ከዛፍ ሥር ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ።

መኪና መፍታት ቀላል ነው። ጭንቁ ሲገጠም ነው። የትኛው ብሎን የየት እንደሆነ ካልታወቀ የተፈታው ሁሉ የብረት ክምር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ነገር ሲፈታ ልጅቷ በወረቀት ትጽፋለች። «የግራ በር፣ የላይኛው ማጠፊያ፣ 3 ብሎን» ትላለች። ወረቀቱን ከብሎኖቹ ጋር በፌስታል ታስራለች። ከሁለት ዓመት በኋላ መኪናዋን መልሶ የገጠመው የሷ ጽሑፍ ነው ብል አላጋነንኩም። እኔ «አልረሳውም» ብዬ ሳላስጽፍ ያስቀመጥኳቸው አራት ብሎኖች የየት እንደሆኑ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

የዛገ ብሎን አልፈታ ሲል በጉልበት ማጠማዘዝ አይገባም፤ አንገቱ ይቆረጣል። ዘይት አጠጥቶ ማሳደር ነው። የተፈታውን ደግሞ እናታችን በሎሚ ጭማቂ ነክራ ታሳድረዋለች። የሎሚው ኮምጣጣነት ዝገቱን ያሟሟዋል። ጠዋት በሽቦ ብሩሽ ሲፈትጉት ይጸዳል። ታጥቦና ደርቆ ወዲያው ዘይት መቀባት አለበት። አለዚያ እስከ ማታ መልሶ ይቀላል። ያን ሰሞን ቤታችን ለሰላጣ የሚሆን ሎሚ አልነበረም።

የቮልስ ገላ ከወለሏ ጋር የተያያዘው በብሎን ነው። ብሎኖቹ ሲፈቱ ገላው ብቻውን ይነሣል። ለዚህ ሥራ ደቦ ጠራን። ስምንት ጎረቤቶች መጡ። የጎጆ ክዳን ተሸክሞ ቦታ እንደ መለወጥ ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ብለን አንሥተን በድንጋይና በእንጨት ላይ አሳረፍነው። እናታችን ቡና አፈላች።

ዝገት እንዴት ይመጣል?

ገላው ሲነሣ የተደበቀው ሁሉ ታየ። ከበሮቹ ሥር ያሉት ሁለት ረጃጅም ቱቦዎች እንደ ደረቅ እንጀራ ይፈረፈራሉ። ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ወለል ደግሞ ቀዳዳው ጭንቅላት ያስገባል። በቮልስ ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ነው። ባትሪ ውስጥ አሲድ አለ። አሲድ ብረት የሚበላ ፈሳሽ ነው። ጠብ ጠብ ባለ ቁጥር ቀለሙን ልጦ ላሜራውን በልቶታል።

እናታችን መጥታ አየችና «ይሄማ አመድ ነው የሚፈልገው» አለች። ሳቅንባት። እሷ ግን የእንጨት አመድ በውሃ በጥብጣ አጥልላ አመጣች። አሲዱ ባለበት ላይ ስታፈሰው አረፋ ኩፍ ኩፍ አለ። የአመድ ውሃ የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ ኃይሉን ይሰብረዋል። በዳቦ ሶዳም ይሠራል። ቀጥሎ በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥበን አደረቅነው።

አሁን ዝገትን እንመልከት። ዝገት የሚወለደው ብረት፣ ውሃና አየር ሲገናኙ ነው። አየር ውስጥ ኦክስጅን አለ። እኛም የምንኖረው እሱን ተንፍሰን ነው። ኦክስጅን በውሃ እርዳታ ከብረቱ ጋር ይዋሐዳል። ያን ጊዜ ብረቱ ብረትነቱን ትቶ ቀይ አፈር የመሰለ ነገር ይሆናል። ጨው ካለበት ደግሞ ይፈጥናል።

ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ከቀለም ሥር ሲነሣ ቀለሙን እንደ ብጉር ያሳብጠዋል። ብጉሯ ትንሽ ናት። ከሥሯ ያለው ጉድጓድ ግን ትልቅ ነው። ዝገት እንደ ወንፊት ነው፤ ውሃና አየር ያሳልፋል። በላዩ የዛገ ብረት ከሥሩም መዛጉን የማያቆመው ለዚህ ነው። የአሉሚኒየም ድስትንም ኦክስጅን ይይዘዋል። በላዩ የሚፈጠረው ሽፋን ግን ስስና ጥብቅ ስለሆነ የቀረውን ይጠብቀዋል።

የቤታችሁ ቆርቆሮስ? ቆርቆሮ ከውስጡ ብረት ነው። በላዩ ዚንክ የሚባል ሌላ ማዕድን ተለብጧል። ዚንኩ እየተበላ ብረቱን ያድነዋል። ዚንኩ ሲያልቅ ተራው የብረቱ ይሆናል። ማረሻን ቅባት ቀብቶ ማስቀመጥም ሥራው ያው ነው፤ ውሃና አየርን ከብረቱ ይለያል።

ጭቃም አንድ ነገር አለው። በመኪናዋ ጎማዎች ላይ እንደ ጃንጥላ የተደፉትን ክንፎች ጋራዦች ፓራፋንጎ ይሏቸዋል። ከውስጣቸው የተጠራቀመው ጭቃ ከዓመት ዓመት ርጥበት ይዞ ይቀመጣል። በላይ በኩል ፀሐይ ሲሞቃት በታች በኩል ክረምት ነው። የእኛዋ አራቱም ፓራፋንጎ የተበሳው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው።

ስቱኮ

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። በሁለተኛው ዓመት ሥራው ሰለቸኝ። የቀኙ የፊት ፓራፋንጎ ላይ ጣት የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ነበሩ። ወንድሜ ለሥራ ከከተማ ወጥቷል። እኔ ስቱኮ ገዛሁ። ስቱኮ የላሜራን ትንሽ ጉድጓድ ለመሙላት የሚቀባ ሊጥ መሳይ ነገር ነው። ሲደርቅ ይጠነክራል። ዝገቱን ላይ ላዩን ፍቄ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፈንኩት። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩትና ቀለም ቀባሁት። የፋብሪካ ሥራ መሰለ። ቤተሰቡን ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ። ሁሉም አመሰገኑኝ።

አባቴ ተነሥተው መጡ። እጃቸውን በፓራፋንጎው ላይ አሳለፉ። ከዚያ በጣታቸው አጥንት አንኳኩ። ከላይ አንኳኩ፤ ጮኸ። ትንሽ ዝቅ ብለው አንኳኩ፤ ድምፁ ታፈነ።

«ይሄ ይመልሳል። ይሄ ደግሞ ዝም አለ» አሉ። «ይሄ ብረት አይደለም። ምን አደረግህበት?»

ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ ማግኔት ነበረን። የእህቴ ልጅ ሮጣ አመጣችው። ማግኔት ብረት ይይዛል፤ ስቱኮ አይይዝም። ብረቱ ላይ ጥብቅ አለ። ስቱኮው ላይ ስታስጠጋው ወደቀ። ዓይን የሌላቸው ሰው ያዩትን እኛ ዓይን ያለን ስምንት ሰዎች አላየንም።

አባቴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ሠላሳ ዓመት ቁስል አጥቤአለሁ» አሉ። «መግል ላይ ፋሻ አስሬ አላውቅም። ከላይ ደርቆ ከሥር ሲበላ እግር ያስቆርጣል።»

በማግሥቱ ስቱኮውን በመሮ አነሣሁት። ከሥሩ የተውኩት ዝገት ርጥበት እንደ ያዘ አገኘሁት። ወንድሜ ሲመለስ የበሰበሰውን ሁሉ ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ድረስ ቆርጠን ጣልን። በቦታው አዲስ ላሜራ በየደ። ስስ ላሜራ ሲበየድ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንድ ነጥብ እዚያ ይነካል። እስኪበርድ ይጠበቃል። በአንዴ ከተሳበ በሙቀቱ ይጣመማል ወይም ይበሳል። ለአንድ ፓራፋንጎ ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ከዚያ በኋላ ነው የዝገት መከላከያ ቀለም፣ በላዩም እንደ ወረቀት የሳሳ ስቱኮ የተቀባው።

እንዲህ ያለ ሥራ አደጋ አለው። ከብየዳ በፊት የቤንዚን መያዣውን አውጥተን ከግቢው ውጭ አደረግን። ባዶ ቢሆንም ከውስጡ የሚቀረው ትነት እንደ ቦምብ ይፈነዳል። ያን ዘመን በተሠራ የመኪና ቀለም ውስጥ ደግሞ እርሳስ የሚባል መርዛማ ማዕድን ሊኖር ይችላል። አቧራው በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። ስለዚህ አሮጌውን ቀለም ስንፍቅ በውሃ እያረጠብን ነው፤ ልጅቷም አትቀርብም። ጸሐፊነቷን ከበረንዳ ላይ ሆና ትሠራለች።

መኪናዋ የመጀመሪያ ቀለሟ ምን እንደነበር አከራከረን። ከጊዜ ብዛት ሦስት ጊዜ ተቀብታለች። አባቴ «ሰማያዊ፣ ነገር ግን የጠዋት ሰማይ» አሉ። እናታችን «አረንጓዴ ነበረች» አለች። የበሩ ጎማ ሲነሣ ከሥሩ ፀሐይ ያልነካው ቀለም ተገኘ። ሰማያዊ ነው። እናታችን እስከ ዛሬ አልተቀበለችም።

ሦስተኛው ሲሊንደር

የቮልስን ሞተር በቦታው የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው። ሽቦዎቹና ቱቦዎቹ ተለያይተው አራቱ ብሎኖች ሲፈቱ ሞተሩ ወደ ኋላ ተስቦ ይወርዳል። ክብደቱ ወደ 100 ኪሎ ይጠጋል። መኪናዋን በክሪክ አንሥተን፣ ሞተሩን በሳንቃ ላይ አሳርፈን ጎተትነው። ክሪክ መኪና የሚያነሣ መሣሪያ ነው። በጋራዥ ያለው ቃል አብዛኛው ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ክሪክ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ ሁሉ የዚያ ዘመድ ናቸው። ጣሊያን ሲሄድ ቃሉን ረስቶ ሄደ።

ሞተሩን አንድ የቮልስ መካኒክ ሽማግሌ ጋ ወሰድነው። ከፈተውና ወዲያው «ሦስተኛው ነው» አለ። ቮልስ አራት ሲሊንደር አላት። ሲሊንደር ነዳጁ የሚቃጠልበት ቤት ነው። እንደ እኛዋ ባሉት አሮጌ ቮልሶች የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን ነፋስ በከፊል ይጋርዳል። ስለዚህ ሦስተኛው ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል። በመጨረሻ ጭስ ማስወጫው ቫልቭ ተሰብሮ ይወድቃል። በ1996 ዓ.ም. የሰማነው የመዶሻ ድምፅ እሱ ነበር። የተሰበረው ቫልቭ ፒስቶኑን በስቶታል።

ዕቃውን መርካቶ ሶማሌ ተራ ስንፈልግ ወራት ሄዱ። ባትሪዋም ባለ 6 ቮልት ነበር። እንዲህ ያለ ባትሪ ፈልገን አጣን። ስለዚህ ወደ 12 ቮልት ቀየርናት። አምፖሎቹ ሁሉ አብረው ተቀየሩ።

ታላቅ እህቴ ቦርሳውን የያዘችው እንደ ዳኛ ነው። ወንድሜና እኔ የሚያብረቀርቅ ቀለም እንግዛ ብለን ለመንን። እሷ «መጀመሪያ ፍሬን፣ ከዚያ የቤንዚን ቱቦ፣ ቀለም መጨረሻ» አለች። ልክ ነበረች። የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ ሲያረጅ ከውስጡ ያብጣል። ከላይ ሲታይ ደህና ነው። የቤንዚን ቱቦም ሲያረጅ ይሰነጠቃል። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ጠብ ካለ ቮልስ በእሳት ትያያዛለች። ብዙ ያማሩ ቮልሶች የተቃጠሉት በዚህ ነው። ሁሉንም በአዲስ ቀየርን።

ሰኔ 2011 ዓ.ም. ሞተሩ ተገጠመ። ቁልፉን ስናዞር አራት ጊዜ አስነጠሰችና ተነሣች። እልልታው ለጎረቤት ተሰማ። አባቴ እጃቸውን አነሡ፤ ዝም በሉ ማለታቸው ነው። አንገታቸውን ወደ ኋላዋ ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

«ሦስተኛዋ ትንሽ ትጮኻለች» አሉ።

የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ በርዶ ሲለካ 0.15 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ሁለት የራስ ፀጉር ተደራርቦ እንደማለት ነው። በማግሥቱ ጠዋት መካኒኩ ለካው። የሦስተኛው ሰፍቶ ተገኘ። መካኒኩ አባቴን አያቸው። «አባባ፣ እኔ ጋ ሥራ ቢጀምሩስ?» አላቸው።

ወደ ራቤል

ጥር 2012 ዓ.ም. ተነሣን። የነዳችው ታላቅ እህቴ ናት። አባቴ ከፊት ተቀመጡ። ወንበሮቹ የለበሱት ባና ነው። አክስቴ ከራቤል የላከችው የመንዝ በግ ፀጉር ነው። እኔና የእህቴ ልጅ ከኋላ ነን። መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላና ቺንጋ ይዘናል። አዲስ አበባ ላይ ጥሩ ትሄድ ነበር። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ እሱንም ያለ ችግር ደረስን።

ወደ ጣርማ በር ስንወጣ ግን ደከመች። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። ሞተር ደግሞ ቤንዚንን የሚያቃጥለው በአየር ነው። ሲሠሯት 34 የፈረስ ጉልበት ነበራት። በ3000 ሜትር ከፍታ 10 ያህሉን ስስ አየር ይወስድባታል። ቤንዚኑ ሳይቀንስ አየሩ ስለሚቀንስ ጭሷ ይጠቁራል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይይዛል። ቆመን ካንዴላዎቹን አወጣንና ጠረግን። ጉሙ ላያችን ላይ ወርዷል። አባቴ «ሽታው ደረሰኝ። አገሬ ነው» አሉ።

ወደ ግራ ታጥፈን ወደ መሐል ሜዳ፣ ከመሐል ሜዳም ወደ እናንተ አገር ቀጠልን። ኮረኮንቹ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ነው የሄድነው። ራቤል ስንገባ ቀኑ መሽቶ ነበር። አክስቴ ከቤት ወጥታ ወንድሟን አቀፈች። ከዚያ መኪናዋን ዞራ አየቻት። «ይህቺ ናት ሃምሳ ዓመት ስትነገረን የኖረችው?» አለች።

ሌሊቱን ውርጭ ወረደ። ጠዋት ስወጣ መኪናዋ ነጭ ሆናለች። አባቴ ከእኔ ቀድመው ወጥተው በሾፌሩ ቦታ ተቀምጠዋል። ቁልፉን ራሳቸው አዞሩ። አልተነሣችም። ሁለተኛ ሲያዞሩ ተነሣች። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ብዙ ቆዩ። ምንም አላሉም።

ፀሐይ ሲወጣ ውርጩ ቀልጦ በፓራፋንጎው ላይ ይንቆረቆር ጀመር። አክስቴ አሮጌ ነጠላ ይዛ መጣችና ከቀኙ ጀምራ ታደርቅ ገባች። «እንዴ፣ ምን ታያላችሁ?» አለችን። «ውሃውን አትተዉባት እንጂ።» እኔም ሌላ ጨርቅ ፈልጌ በግራ በኩል ያዝኩ።